ጉድጓዱን ብቻ አትዩ

በየመሥሪያ ቤቱ ሁሉም «እንሂድ» ሲል «ቆይ፣ መጀመሪያ እናስላ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። መዓት ይሁን በረከት ለማወቅ ዓመታት ይፈጃል። የካዛንቺሱ የነዳጅ መሥሪያ ቤት ድርሻ ክቡር ኢንጂነር ገብረክርስቶስ ናቸው፤ የነዳጅ ጉድጓድ ባለሙያ፣ የኮምፒውተር ሞዴል አባት፣ የጥድፊያ ጠላት። «ክቡር» የሚለውን ማዕረግ የሰጠቻቸው አጠገባቸው የምትቀመጠው ሀዊ ናት፤ ገና የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰች ወጣት ኢንጂነር።

የዘወትር ቃላቸው አንድ ነው። «ጉድጓዱን ብቻ አትዩ፤ ሥሩ ያለው አለትም ቃል አለው።» ጉድጓዱ የቱንም ያህል ቢስብ፣ ነዳጁን ያዘለው አለት ካልሰጠው ከንቱ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይሰላሉ ማለታቸው ነው። ክፋቱ፣ ለእርሳቸው ዓለም ሁሉ ጉድጓድና አለት ነው።

የኮንዶሚኒየማቸው ነዋሪዎች ትልቅ የውኃ ፓምፕ እንግዛ ሲሉ፣ «ታንከሩ በሰዓት ስንት ይሞላል?» ብለው ስብሰባውን ሦስት ሳምንት አስረዘሙት። ጎረቤቶቻቸው ሰለቹና ገዙ። ፓምፑ ታንከሩን በአሥራ ሁለት ደቂቃ አድርቆ አየር መሳብ ሲጀምር፣ ኢንጂነሩ ቅር ብሏቸው «እኔ አሥራ አንድ ነበር ያልኩት» አሉ። ምሳ ኡራኤል ይሻላል ወይስ ኦሎምፒያ ብለው ወረፋውን ሲያሰሉ፣ ሁለቱም ጋ ሽሮ አልቋል። ሀዊን ለትዳር ስለጠየቃት ልጅ እንኳ «ጎበዝ ነው፤ ግን ልጁን ብቻ አትዪ» ብለው የእናቱን ጠባይ አጣሩ።

ባለፈው ወር ኢንጂነሩ ለለቅሶ አገር ቤት ሄደው ሳለ፣ አለቃው አቶ መብራህቱ ሀዊን አስጠሯት።

«ሐሙስ እንግዶች የሙከራ ጉድጓዱን ሊያዩ ነው። ነዳጁን የሚለቀው ቫልቭ ምን ያህል ይከፈት? ቶሎ በይ እንግዲህ!»

ሀዊ ቋሚ ሠራተኛ መሆን ትፈልጋለች። ጉድጓዱን ብቻ አሰላችና «ሙሉ በሙሉ ይከፈት» ብላ ጻፈች። ለእንግዶቹ ብዙ ነዳጅ ሊታይ ነውና አለቃው ደስ አላቸው።

ማክሰኞ ኢንጂነሩ ተመለሱ። ወረቀቱን አይተው ቁጭ አሉና ጉድጓዱንና አለቱን አንድ ላይ አሰሉ። ረቡዕ ጠዋት መልሱ ወጣ። ቫልቩ ሙሉ ከተከፈተ ከነዳጁ በታች የተኛው ውኃ ተስቦ ይመጣና ጉድጓዱን ያበላሸዋል፤ በግማሽ ከተከፈተ ግን ለዓመታት ይሰጣል።

ሀዊ አዲሱን ሪፖርት አንስታ አነበበች። መጨረሻው ላይ «የመጀመሪያውን ስሌት በስልክ ያዘዝኳት እኔ ነኝ፤ ስህተቱ የእኔ ነው» ይላል።

«ጋሼ፣ በስልክ አላወራንም እኮ!»

«አውቃለሁ። እኔ የዛሬ ዓመት ጡረታ እወጣለሁ፤ አንቺ ገና ነሽ። በቃ፣ ውሰጂና ስጪያቸው።»

አንዲት ነጥብ ሳያረጋግጡ የማያልፉት ሰው ለእርሷ ሲሉ ውሸት ጽፈዋል። እንባዋ መጣ። መስመሩን ሰረዘችና «አለቱን ሳላሰላ የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብላ፣ ስሟን አክላ፣ አለቃው ቢሮ ገባች።

አቶ መብራህቱ ሁለቴ አነበቡት። ቫልቩ በግማሽ ይከፈት አሉ። ከዚያ ቁጣቸውን ወደ እርሷ አዞሩ።

«አንቺ ደግሞ ቋሚነቱን እርሺው! ሌላ ስድስት ወር ከኢንጂነር ገብረክርስቶስ ሥር ትቆያለሽ!»

«እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለች።

አለቃው በደንብ ያልሰማች መሰላቸውና ቅጣቱን ደገሙላት። ሀዊ ግን ሰምታ ነበር፤ ያቃታት ሳቋን መግታት ነው።