የአምስት ቀኗ ታካሚ ሥራና ክብደት

የዲጂታል መዝገብ ትግበራ ኮሚቴ አስቸኳይ ቃለ ጉባኤ

ሐሙስ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡20፣ መቐለ። የአዳራሹን ቁልፍ የያዘው ባልደረባ እንግዳ ለመቀበል ወደ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ በመሄዱ ስብሰባው በሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል ኮሪደር ተካሂዷል።

የተገኙ፦ አቶ ኣረጋዊ (የአስተዳደር ኃላፊና ሰብሳቢ)፣ ሲስተር ወይኒ (የሕፃናት ክፍል ነርስ)፣ አቶ ፍትዊ (የኮምፒውተር ባለሙያ)፣ አቶ መሓሪ (የመድኃኒት ቤት ኃላፊ)፣ ኤልሳዕ (ጸሐፊ)። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ከወሎ መጥተው በከተማው ጨርቅ የሚነግዱት ወ/ሮ ዘሃራ አባል ባይሆኑም አግዳሚው ወንበር ላይ ቀድመው የተቀመጡት እሳቸው በመሆናቸው ልጃቸውን ታቅፈው ተገኝተዋል።

ምክንያት፦ የወ/ሮ ዘሃራ የአምስት ቀን ሴት ልጅ ኢንፌክሽን ስላለባት ሐኪሙ መርፌ አዘው ወደ ቀዶ ጥገና ገብተዋል። ኮምፒውተሩ ግን መዝገቧ ካልተሞላ ትእዛዙን ወደ መድኃኒት ቤት አያስተላልፍም። ሲስተር ወይኒ መርፌው ከአንድ ሰዓት በላይ ሊዘገይ እንደማይገባ አሳስበዋል። ሰብሳቢው አስቸኳይነቱን ተቀብለው ስለ ዲጂታል ዘመን የሃያ ደቂቃ የመክፈቻ ንግግር አድርገዋል።

አጀንዳ 1፦ ስም

ኮምፒውተሩ ስም የሌለው ታካሚ አይቀበልም። ሰብሳቢው ኮሚቴው ጊዜያዊ ስም እንዲያወጣላት ሐሳብ አቅርበዋል። ወ/ሮ ዘሃራ «ኧረ በአላህ! ስሟ የሚወጣው ከነገ ወዲያ፣ በሰባተኛ ቀኗ ነው። በጉም ተገዝቷል። ስም በኮሚቴ ሲወጣ የት አያችሁ?» ብለዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ «የዘሃራ ልጅ» ተብሎ እንዲሞላ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ሥራ

ይህም ባዶ አይታለፍም። አቶ መሓሪ «ሥራ አጥ» ይባል ሲሉ፣ ሰብሳቢው የከተማውን የሥራ አጥ ቁጥር መጨመር ሆስፒታሉን ያስጠይቃል በማለት ተቃውመዋል። «ተማሪ» የሚለው ሐሳብ ኮምፒውተሩ የትምህርት ቤት መታወቂያ ስለሚጠይቅ ወድቋል። ወ/ሮ ዘሃራ ሲጠየቁ «ሥራዋማ መጥባት ነበር፤ ከትናንት ወዲህ እሱንም ትታዋለች» ብለዋል።  ከዚያም «በሕመም ፈቃድ ላይ» ተብሎ እንዲሞላ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

አጀንዳ 3፦ ክብደት

ሕፃኗ ሦስት ኪሎ ከመቶ ግራም ትመዝናለች። ኮምፒውተሩ ከሠላሳ ኪሎ በታች ያለውን ሁሉ «ስሕተት» ይላል። አቶ ፍትዊ ሲስተሙ ለአዋቂ የተሠራ መሆኑን ገልጸው፣ እስኪስተካከል ሕፃናቱ ቢጠብቁ እንደሚሻል አስረድተዋል። ሲስተር ወይኒ «ፍትዊ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እስኪያድጉ ማለትህ ነው?» ማለታቸው እንዲመዘገብ ስለጠየቁ ተመዝግቧል።

ሰብሳቢው ሕፃኗ ከእናቷ ጋር እንድትመዘን አዘዋል። 58 ኪሎ ሆነ። ኮምፒውተሩ ወዲያው ተቀበለ፤ ተጨበጨበ። በዚሁ ክብደት የተሰላው የመርፌ መጠን ሲወጣ አቶ መሓሪ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና «ይኼ የትልቅ ሰው ነው፤ እኔ አልሰጥም» አሉ። ሰብሳቢው የእናቷ ድርሻ በግምት እንዲቀነስ ሐሳብ አቅርበዋል።

በዚህ ጊዜ ሲስተር ወይኒ ፈቃድ ሳይጠይቁ ወጥተው፣ ሐኪሙን ከቀዶ ጥገና ክፍል በር ላይ አስጠርተው፣ መጠኑን በወረቀት አስጽፈው ተመልሰዋል። አቶ መሓሪ ወረቀት ከታኅሣሥ ጀምሮ መከልከሉን አስታውሰዋል። ሲስተር ወይኒ «እንግዲያው ለእናቷ አንተው ንገራት፤ ይቺውና» ብለዋል። አቶ መሓሪ ወደ ወ/ሮ ዘሃራ ሳያዩ ሄደው መድኃኒቱን አምጥተዋል። መርፌው 4፡15 ላይ ተሰጥቷል።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ሲስተር ወይኒ በወረቀት ስለ መጠቀማቸው ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው ጠይቀዋል። ኮሚቴው ለሁለት ሰዓት ቢወያይም ለሐሳቡ ደጋፊ አልተገኘም።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ኮምፒውተሩ ሕፃን የሚባል ነገር መኖሩን እስኪያውቅ የሕፃናት ክፍል በወረቀት ይሠራል። በሕመም ፈቃድ ላይ ያለችው ባለ 58 ኪሎ ታካሚ መዝገብም ይሰረዛል። አቶ ፍትዊ መዝገብ የሚሰረዘው ታካሚዋ ራሷ ስትፈርም ብቻ መሆኑን አስታውቀዋል። ሰብሳቢው ታካሚዋ ትጠየቅ ብለው ወደ አግዳሚው ሲዞሩ፣ ወ/ሮ ዘሃራ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ ልጅቱ ገና አሁን ጡት ይዛ መተኛቷን በሹክሹክታ ገልጸዋል።

ጉባኤው 6፡40 ላይ ኮቴ ሳያሰማ ተበትኗል።