ስም የበዛበት ፕሮጀክተር

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ለሰው ይሆናል። ለመሣሪያ ግን፣ እኔ እንደታዘብኩት፣ መልአኩ ሥራውን ለኮሚቴ ካስረከበ ቆይቷል። ኮሚቴን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አንዴ ከተቀመጠ ስም ሳያወጣ አይነሳም፤ ስም ካወጣም በኋላ ለስሙ ማብራሪያ፣ ለማብራሪያው ንዑስ ኮሚቴ ካላቋቋመ ሻዩ አይጣፍጠውም። ይህን ስል ከዳር ቆሜ እያሽሟጠጥኩ እንዳይመስላችሁ። እኔም አባል ነበርኩ።

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር፣ አማርኛ ለማስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ፕሮጀክተር መጣለት። ምስሉን ከላፕቶፕ ላይ ያለ ገመድ፣ በዋይፋይ የሚቀበል ዓይነት ነው። ደስታችን ልክ አልነበረውም፤ የቲቸር ጫልቱ ደግሞ ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። ጫልቱ የኮምፒውተር አስተማሪ ናት። ክፍሏ ውስጥ በደህና የሚሠራው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ስለሆነ ተማሪው አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ይማራል፤ ከኋላ የቆመው የሚያጠናው የፊተኛውን ማጅራት ነው።

“ይሄ ነገር ከቀረልን ማጅራት ማስተማር ተውኩ” አለችኝ እየሳቀች።

“ከቀረልን” ያለችው ወዳ አይደለም። ፕሮጀክተሩን ያመጡት የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ “በወላጆች ቀን መጥቼ አያለሁ፤ ካልሠራችሁበት ሲሬ ላይ የሚጠብቀው ትምህርት ቤት አለ” ብለውን ነበር የሄዱት።

እዚህ ላይ ነው ኦቦ ደበላ ብድግ ያሉት። ኦቦ ደበላ የአፋን ኦሮሞ መምህር ናቸው፤ ጡረታ ደጃፍ ላይ የደረሱ፣ በሐምሌ ዝናብ እንኳ ክራቫታቸውን የማይፈቱ ሰው። “ስሙን የማናውቀውን ነገር እንዴት ክፍል እናስገባለን? ወላጅ ቢጠይቀን ምን እንላለን?” አሉ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ እሳቸው በአፋን ኦሮሞው፣ እኔ በአማርኛው ሆነን ተቀመጥን፤ እኛ ዘንድ እንግዳ በሁለት ቋንቋ ካልተጠራ ቤተኛ አይሆንምና።

ሌንሱን “ምስሪት” አልነው። ራውተሩን “ሞገድ አዳይ”። ዋይፋዩ ላይ ስንደርስ ግን ከሰዓቱን ሙሉ ተፋጨን፤ እኔ “ገመድ አልባ መረብ” ስል ኦቦ ደበላ፣ “ገመድ ከሌለው በምን ተቋጥሮ ነው መረብ የሆነው?” ብለው ሞገቱኝ። እናንተስ መልስ አላችሁ?

ይህ ሁሉ ሲሆን ጫልቱ በበሩ ብቅ እያለች “ላብራው?” ትላለች። ኦቦ ደበላም፣ “ቆይ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ስም ሳይወጣለት ወደ ሰው አይወጣም!” ብለው ይመልሷታል። በመጨረሻ ስሞቹን በሁለቱም ቋንቋ ወረቀት ላይ አሳምረን ጻፍንና እየቆራረጥን በስኮች ፕሮጀክተሩ ላይ ለጠፍን። አጫጭሮቹ ቁልፎቹ አጠገብ ሆኑ፤ ረጃጅሞቹ ሰፋ ያለው ጎኑ ላይ ተደላደሉ። አማረበት። ሲያጌጡ ይመላለጡ የሚለው ተረት ለማናችንም ትዝ አላለንም።

የወላጆች ቀን ደረሰ። አዳራሹ ሞላ፣ ሽማግሌ መረቁ፣ እኛም “ሃ ተኡ፣ ይሁን” እያልን ተቀበልን። ጫልቱ ላፕቶፗን ስትነካ ተማሪዎቿ የቀረጹት የከተማችን ገበያ ግድግዳው ላይ ቦግ አለ። ከወላጆቹ መሐል አንዲት በርበሬ ሻጭ እናት ራሳቸውን ግድግዳ አክለው ሲያዩ እልል አሉ። እልልታው ሳያልቅ ምስሉ ድርግም አለ።

“ኔትወርክ ነው!” አለ አዳራሹ ባንድ አፍ።

እኛ አገር ኔትወርክ የማይሸከመው ጥፋት የለም። አይታይ፣ አይሰማ፣ “እኔ አይደለሁም” ብሎ አይከራከር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ኦቦ ደበላ ሞገድ አዳዩን ከተሰቀለበት ግድግዳ አውርደው፣ ገመዱ እስከደረሰ ድረስ ወደ መስኮቱ ወሰዱና እንደ ታቦት ከፍ አድርገው ያዙት። ምስሉ መለስ አለ። አጨበጨብን። ደግሞ ጠፋ። ኃላፊው ብዕራቸውን ኪሳቸው ከተቱና፣ “በቃ፣ ሲሬዎችም ይሞክሩት” ብለው ብድግ አሉ። የጫልቱ ፊት አመድ መሰለ።

ጫልቱ እጇን ፕሮጀክተሩ ላይ አሳረፈችና ወዲያው ሰበሰበችው። “ኧረ ይፋጃል!” አለች። ከዚያ የደከምንባቸውን ስሞች ቸር ቸር እያደረገች ትልጣቸው ጀመር። ከሰፊው ጎን ላይ ትልቁን ስትገነጥል ከሥሩ ወንፊት የመሰለ ቀዳዳ ብቅ አለና ሙቀቱን እፎይ ብሎ ተነፈሰው። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ አባት የወደቀውን ወረቀት አንስተው ጮክ ብለው አነበቡት።

“የሙቅ አየር መውጫ። አይሸፈን።”

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው መልሰው ቁጭ አሉ፤ ለመቆየት ብለው ሳይሆን ሳቁ እግራቸውን ስለያዘው። ፕሮጀክተሩ በረድ ሲል በርበሬ ሻጯ ግድግዳው ላይ ተመለሱ፤ እልልታውም ካቆመበት ቀጠለ። “ይቅርላችሁ” አሉ ኃላፊው እንባቸውን እየጠረጉ፣ “ግን እባካችሁ አታልብሱት።” ጫልቱ አቅፋ አሽከረከረችኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ መደሰቴ ለራሴም ገረመኝ።

ሰኞ ጠዋት ጫልቱ ኦቦ ደበላንና እኔን ክፍሏ ጠራችን። የላጠቻቸውን ስሞች አንድም ሳታስቀር በሁለቱም ቋንቋ ጽፋ፣ አሳድጋ፣ ግድግዳው ላይ አብርታቸዋለች። የመጨረሻው ዴስክ ላይ ያለው ተማሪ ሳይቀር ያነባል፤ ማንም የማንንም ማጅራት አያይም። ኦቦ ደበላ ዓይናቸው እርጥብ አለ። “ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ” ብለው አመሰገኗት።

ከዚያ እጃቸው ኮታቸው ኪስ ገባና ወረቀትና ስኮች ይዞ ወጣ።

“ግድግዳውን ረስተነዋል” አሉ። ጫልቱ “ኧረ ኦቦ!” ብላ ሳትደርስባቸው ብርሃኑ መሐል ገብተው “የምስል ማረፊያ” የሚለውን መለጠፍ ጀመሩ። ተማሪዎቹም አላቋረጡም፤ የቀሩትን ስሞች ከኮታቸው ጀርባ ላይ አነበቡ።