ዜና ዋስትናሁ ለቢራራ፤ በግ ተሸክሞ መኪና እስከ ምፅዋ ስለ መሸኘቱ

በዓመተ ዋስትናሁ ለቢራራ፣ ይኸውም የአምባ ጊዮርጊስ ገበያ የጨው ሚዛን ከተሰበረ ወዲህ፣ የደባርቅ ወፍጮ ሞተርም ተቃጥሎ ሳይታደስ፣ በወርኃ መጋቢት በደባርቅ ገበያ ቀን፣ ሁለት ፈረንጆች ስለ መታሰራቸው እጅ እየነሡና እየሳቁ ያመሰግኑ ነበር።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። ሚስተር ያንና ባለቤቱ ማዳም ሎታ ዓለሙን በመኪና ሊዞሩ ከአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ተነሥተው ሲመጡ፣ አረንጓዴ መኪናቸው በገበያው መካከል ስታልፍ፣ ሻለቃ የተባለውን፣ ቀንዱ የተጠማዘዘውን፣ ላቱ የሰፋውን የወይዘሮ ማንጠግቦሽን በግ የኋላ እግሩን ገጨችው። ወይዘሮ ማንጠግቦሽም፣ ክርክራቸው የሚረዝም፣ በችሎት ደክመው የማያውቁት፣ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጫፉን ከመኪናዋ የፊት ብረት ጋር ቋጠሩት። ይህም በአገራችን ሥርዐት ቁራኛ ይባላል፤ ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ሳይደርሱ አይላቀቁም። ፈረንጆቹ ግን ለእንግዳ የሚደረግ ክብር መሰላቸው። ሚስተር ያን ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣ፤ ፎቶግራፍም አነሣ። ማዳም ሎታ ደግሞ ውለታው ከብዷት፣ ሻርፗን ከአንገቷ ፈትታ ከነጠላው ጎን አሰረች። ያየው ሕዝብም ክሱን ወዳ ተቀበለች፣ እንዴት ያለች ጨዋ ናት ብሎ እልል አለ፤ እልልታውን የሰሙት ፈረንጆችም ጭራሽ ዘፈኑ።

በዚያን ጊዜ ከጤና ጣቢያው ድሬሰር ሰጠኝ ደረሰ፤ መርፌው የሚያስፈራ፣ እንግሊዝኛው ግን የሚያዝናና። እርሱ ነገሩን ቢያስረዳቸው ዘፈኑ ቆመ። ሚስተር ያን ወደ ኪሱ እጁን ቢሰድ፣ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ኪስህን ተወው ልጄ! ሻለቃ የጊዮርጊስ ስለት ነው። ለሚያዝያ ጊዮርጊስ በአራት እግሩ ተስያለሁ፣ በአራት እግሩ አስገባለሁ። አንካሳ በግ ይዤ ደጁ ብቆም፣ ምን በወጣሽ ነው የሚለኝ?»

ሚስተር ያን ጭንቅ ያዘው። ከመሬት ቁጢጥ ብሎ በእንጨት አፈር ላይ ባሕር ሣለ፣ መርከብ ሣለ፣ ከመርከቡ በላይም መኪናዋን በገመድ ተንጠልጥላ ሣለ። ሰጠኝም ሲተረጉም፣ መርከቡ ምፅዋ ቆሞ እንደሚጠብቃቸው፣ ከዘገዩ ግን ትቷቸው ወደ ቦምባይ እንደሚሻገር፣ ያን ጊዜም ዓለሙን መዞሩ እዚሁ ደባርቅ ላይ እንደሚያበቃ ተናገረ። ሕዝቡ ስለ ዓለሙ አልተጨነቀም፤ መኪና እንደ ሙክት ትሰቀላለች በመባሉ ግን እጅግ ተደነቀ።

ወእምድኅረ ዝንቱ አጥቢያ ዳኛው አቶ ወልደ ገብርኤል፣ ፍርዳቸው እንደ ሊማሊሞ መንገድ ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው፣ ከዋርካው ሥር ተነሥተው እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፦

«ስማ፣ ደባርቅ! በጉ ከሳሽ ነው፤ መኪናዋ ተከሳሽ ናት። ስለዚህ ሁለቱም ምፅዋ ድረስ አብረው ይሂዱ። በጉ ከመርከቡ አፍ ላይ በአራት እግሩ ከቆመ፣ መኪናዋ ትሻገር፤ ካልቆመ፣ ወደዚህ ትመለስ። እስከዚያው ልብሱን ከመኪናዋ ቋጥሮ የማይለይ፣ በጉንም ይዞ የሚመለስ ዋስ ይቅረብ!»

የቀረበ አልነበረም። ምፅዋ እሳት ናት ይባላል፤ በግ ደግሞ ከባድ ነው። በመጨረሻ ከጌሾው ክምር ጀርባ አንድ ሰው ብድግ አለ። እርሱም ቢራራ ነበር፣ ጌሾ ነጋዴው፣ ጢመ መልካሙ። «ዋሱ እኔ ነኝ!» ብሎ አወጀ፤ ገበያውም በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ ያለ ነገር አልነበረም። ቢራራ የያዘውን ሁሉ የሚጥል ሰው ነበር። የወንድሙን ጃንጥላ ዳባት ጥሏል፤ የአማቱን አህያ አምባ ጊዮርጊስ ረስቶ በእግሩ ተመልሷል፤ የጎረቤቱን መጥረቢያ የት እንዳደረሰው እስከ ዛሬ እንጃ። ስለዚህ ዕድሜው አርባን ሲያልፍ አንድም ሰው ዋስ ሁነኝ ብሎት አያውቅም፤ በአገራችን ደግሞ ዋስ ያልተባለ ወንድ በሠርግ ቤት መቀመጫው ከበሩ ሥር ነው፣ ነፋሱ ከሚገባበት። ቢራራ ያንን ነፋስ ለዓመታት ጠጥቶታል። አሁን ቃሉን ጠብቆ፣ በጉን ሳይጥል ቢመለስ፣ ከበሩ ሥር ይነሣል፤ ሳይሆን ቢቀር ግን ከበሩ ወዲያ ነው።

አቶ ወልደ ገብርኤልም ግራ ቀኙን አይተው ሌላ ሰው ስላጡ ተቀበሉት። ሰጠኝ የሻለቃን እግር በሸምበቆ ጠገነ። የቢራራ ሚስት ድንቅነሽም፣ እጀ ወርቋ፣ ንግግሯ የተቆጠበው፣ ክረምቱን ሁሉ ፈትላ ያሠራችውን፣ ገና ውኃ ያልነካውን ጋቢ አመጣች፤ ትከሻውንም አልብሳ «ይህንንም እንዳትጥለው» አለች እንጂ ሌላ አላለችም። የጋቢውም አንድ ጫፍ ከመኪናዋ በር እጀታ፣ ሌላው ጫፍ ከቢራራ ወገብ ተቋጠረ።

ሊሸኙትም ወጡ፦ በፊት ቀንደ መለከት ያጣው የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ በፉጨቱ፤ ቀጥሎ ጠጅ ሻጮች በየማዕረጋቸው፤ ቀጥሎ ቄሶች ሁለት፣ አንዱ ለጸሎት፣ አንዱ ለወሬ፤ ከኋላ የደባርቅ ውሾች በሙሉ ሠራዊት። እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ሄደው፣ ቁልቁለቱን ባዩ ጊዜ፣ ከዚህ በኋላ እግዚአብሔር ያውቃል ብለው ተመለሱ።

መኪናዋ ሊማሊሞን ስትወርድ ያየውን ቢጠይቁት፣ ቢራራ ያየው የሻለቃን ጆሮ ብቻ ነው፤ ፊቱን በበጉ ጸጉር ውስጥ ቀብሮ ውዳሴ ማርያምን ሲደግም ነበርና። ገደሉ በግራ ሲመጣ ወደ ቀኝ፣ በቀኝ ሲመጣ ወደ ግራ ያዘነብል ነበር፤ መኪናዋን ያዳናት ይህ እንደ ሆነ በኋላ በየቤቱ መስክሯል። ዓዲ አርቃይን አለፉ፤ ተከዜን ተሻገሩ፤ አክሱምን ተሳልመው አስመራን አዩ። በየማረፊያው ቢራራ ሻለቃን ተሸክሞ ያወርዳል፣ ተሸክሞ ይጭናል። ሻለቃም ፈጽሞ አይቆምም። ማዳም ሎታ በቅቤ የተጋገረ ብስኩት ታጎርሰዋለች፤ ዐቢይ ጾም ነበርና ቢራራ ሽንብራ ቆሎውን እየቆረጠመ፣ በጉ ግን እየገደፈ፣ አብረው ተጓዙ።

አንድ ቀን ቢራራ ቁጭ ብሎ ሲያንቀላፋ፣ ሻለቃ በዚያ በሸምበቆ በታሰረ እግሩ ጆሮውን ሲያክ ማዳም ሎታ አየች። ቢራራን ቀስቅሳም፣ ቋንቋ የላቸውምና፣ ያየችውን ልታስረዳው የራሷን ጆሮ አከከችለት። ቢራራም፣ ርኅሩኁ፣ ቁንጫ ይሆናል ብሎ አዘነላት፤ ለዚሁ ይሆናል ያለውንም ቅጠል ከመንገድ ዳር ቆርጦ ሰጣት።

ወደ ምፅዋም በገቡ ጊዜ ሙቀቱ ከነሠራዊቱ ወጥቶ ተቀበላቸው። ወደቡ ላይ መርከቡ ጢሱን እያወጣ፣ ክሬን የተባለው ረጅሙ ብረት አንገቱን ወዲያ ወዲህ እያለ፣ ወዛደሩም በሸርጥ ብቻ እየሠራ ሳለ፣ አዲስ ጋቢ የለበሰ፣ በግ የተሸከመ፣ ከመኪና ጋር የተቋጠረ ሰው ሲመጣ ሥራው ሁሉ ቆመ። መኪናዋን ከበው፣ በሆዷ ሥር መረብ አሳልፈው፣ መረቡን ከክሬኑ መንጠቆ አያያዙ። ቢራራም ሻለቃን ከመርከቡ ፊት አወረደው። ሻለቃ ተኛ። አነሣው፤ ተኛ። በኋላ እግሩ ቢያቆመው በፊት እግሩ ተኛ፤ ያ ደግሞ አልተመታም ነበር።

መርከቡ ጮኸ። ማዳም ሎታ ፊቷን በባርኔጣዋ ሸፈነች። ሚስተር ያንም ቢራራን ብቻ አየው። ቢራራም እጁን ከቋጠሮው ላይ አሳረፈ። ቋጠሮውን ቢፈታ፣ የወጡበት ዓለም ይዞርላቸዋል፤ ማንም ከደባርቅ ሆኖ አያይም። ነገር ግን የበሩ ሥር ነፋስ ታወሰው፤ የአማቱም አህያ ታወሰችው። ሻለቃን እንደገና ከትከሻው ጭኖ፣ እንባው ከላቡ እየተቀላቀለ፣ ቀኝ እጁን ወደ ሰማይ አንሥቶ አወጀ፦

«ስማ፣ ምፅዋ! ስሚ፣ ባሕር! በጉ አልቆመም! በደባርቅ ዳኛ ፍርድ፣ ይህች መኪና ከዚህ ንቅንቅ—»

ከላይ ያለው ባለ ክሬን አዋጁን አልሰማም፤ የተነሣውን እጅ ግን አየ። አንሣ የተባለ መሰለው። አነሣ።

መኪናዋ ከምድር ተነሣች፤ ጋቢው ተወጠረ፤ ቢራራም ከነበጉ ዐረገ። እግሩ ከምድር አንድ ክንድ፣ ቀጥሎም የቁመቱን ያህል በራቀ ጊዜ፣ በደባርቅ ምድር ከወፍ በቀር ማንም ያልደረሰበት ማዕረግ ላይ ደረሰ። ሻለቃ ግን ከፍታ አልወደደም። አንድ ጊዜ ባአ ብሎ ከትከሻው ዘለለ፤ ወረደ፤ በአራት እግሩ ቆመ፤ ሸምበቆውን አራግፎም በጨው ጆንያዎች መካከል ሽምጥ ጋለበ። ቢራራም ከሰማይ ሆኖ አወጀ፦

«በጉ ቆሟል! እዩልኝ፣ መስክሩልኝ! መኪናዋ ነፃ ናት! ... እኔንም አውርዱኝ እንጂ፣ እናንተ ሰዎች!»

ወዛደሩ በጭብጨባ ወደቡን አናወጠው። ቋጠሮው ግን በክብደቱ ጠብቆ አልፈታ ቢል፣ ቢራራ እንደ ሙዝ ከልጣጩ ከጋቢው ሾልኮ ከጨው ጆንያ ላይ ወደቀ። ጋቢውም ከመኪናዋ ጋር እየተውለበለበ ወደ መርከቡ ገባ። እርሱ ግን ዞሮ አላየውም፤ በጉን እየተከተለ ነበር። ከኋላውም ተከተሉት፦ ወዛደር ከነአለቃው፣ የጉምሩክ ዘበኞች በየቆባቸው፣ ውኃ ሻጮች ከነጣሳቸው፣ ወጥ ቤቱም ከመርከቡ ወርዶ፣ እርሱ እንኳ በሌላ አሳብ። ከባቡሩ ሐዲድ ላይ ያዙት።

ሚስተር ያንና ማዳም ሎታ ከመርከቡ ጫፍ ሆነው እጃቸውን አውለበለቡ። አንድ መርከበኛ ጋቢውን ከበሩ ሊፈታ ቢል፣ ማዳም ሎታ እጁን በጥፊ መታችው። ደባርቅ አስተምሯታልና፤ ዳኛ ፊት ሳይደርስ እንዴት ይፈታል? ጋቢውም እንደ ተቋጠረ ወደ ቦምባይ ተሻገረ።

ቢራራም በጭነት መኪና፣ ሻለቃን በመቀነቱ ከእጁ አስሮ፣ ሳያንቀላፋ ተመለሰ። ሊማሊሞን ሲወጣ ዓይኑን ገልጦ ነበር። ደባርቅ ወጥታ ተቀበለችው፤ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የሻለቃን እግሮች አንድ በአንድ ዳስሰው፣ «ወፍሯል» ብለው ቢራራን መረቁት፤ አቶ ወልደ ገብርኤልም ከዋርካው ሥር ከጎናቸው አስቀመጡት፤ መቀመጫው ገና ሳይሞቅም ሁለት ሰዎች ዋስ ሁነን ብለው ጉልበቱን ሳሙ። ኦ ቢራራ፣ በጉን ያልጣልህ፣ ቃልህን ያልፈታህ፣ በየብስ የታመንህ፣ በሰማይም የተንጠለጠልህ! ከበሩ ሥር ያለው ወንበር እንግዲህ ሌላ ሰው ይፈልግ!

በዚህም ክብር ወደ ቤቱ ገባ። ድንቅነሽ ከደጁ ቆማ ጌሾ ታበጥር ነበር። እርሱም ድል አድራጊው፣ ሸሚዙን ብቻ ለብሶ ከፊቷ ቆመና የመጨረሻውን አዋጅ አወጀ፦ ጋቢው አልጠፋም፤ በመኪናዋ በር ላይ በክብር ተቋጥሮ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ዓለሙን ዞሮ ሲያበቃ በዚሁ በደጃችን ያልፋል።

ድንቅነሽ ሰፌዱን ሳታወርድ ትከሻውን አየችው።

«ይሁና። ለጋቢውስ ማንን ዋስ ጠራህ?»