የሁዳዴው እንቁላልና የያን ግንብ

ሰው ከአገሩ በራቀ ቁጥር አገሩ ያለው ሕንጻ ይረዝማል። ቶሮንቶ ከገባሁ ጀምሮ ያገኘሁት ስደተኛ ሁሉ ተራራው ደመና የሚቀድ፣ ወንዙ ባሕር የሚያስንቅ ነው። እኔም ጎንደሬ ነኝና ወደኋላ አላልኩም። የፋሲልን ግንብ በየዓመቱ አንድ ፎቅ ስጨምርለት ኖሬ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ የቶሮንቶን ማማ ሊያልፍ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ምን ላድርግ? ማንም ወጥቶ አይለካው!

ልኬን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ አጋጠመኝ። ኢስት ዮርክ በነበረው አፓርታማችን፣ ቤዝመንት በሚሉት ምድር ቤት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኖቹ ፊት አብሮኝ የሚቀመጥ ያን የሚባል የፖላንድ ሽማግሌ ነበር። ሁለታችንም እንግሊዝኛን እንደ ተውሶ ጫማ እየጎተትን እንግባባለን። የተወለደባት ከተማ ከመዳፍ አትሰፋም፤ ስሟን ለመጥራት ስሞክር ግን ሰው ሠራሽ ጥርሴ ሁለት ጊዜ ወልቋል። ኮረብታው ላይ ግንብ አላት፤ ከግንቡ ሥር ወንዝ፣ ከወንዙ ወዲህ ድንጋይ የተነጠፈበት የገበያ አደባባይ። ስዊድኖች መጥተው ያቃጠሉት፣ መስፍን መጥቶ የጠገነው፣ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ መንግሥት ድንች ያከማቸበት ግንብ ነው። ክብ ማማው ወደ ወንዙ ዘመም ብሏል። ሽማግሌው ይህን ሲተርክ በልጅነቱ በየአዳራሹ ድብብቆሽ ሲጫወት ያደገ ነው የሚመስላችሁ። እኔም መሰለኝ።

አንድ ቅዳሜ ፊቱ እንደታጠበ አንሶላ ነጥቶ መጣ።

«ኤቫ ትኬት ቆርጣልኛለች» አለኝ። ኤቫ የልጅ ልጁ ናት፤ በዓለም ላይ የቀረችለት ዘመድ እሷ ብቻ ናት።

«እሰይ! ታዲያ ምነው እንደ ለቀስተኛ ሆንክ?»

«አብራኝ ትሄዳለች። የተጫወትክበትን ክፍል አንድ በአንድ ታሳየኛለህ ብላኛለች።» ዙሪያውን ቃኘና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ገብቼ አላውቅም።»

«የት?»

«ግንቡ ውስጥ! አባቴ ጫማ ሰፊ ነበር። መስፍኑ ውሻ ነበረው። አንድ ቀን በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ አየሁ።»

«ምን አየህ?»

«አንድ ዝይ።»

አሥር ዓመት ሙሉ ያደመጥኩት ግንብ በአንዲት ዝይ ላይ የቆመ ነበር! ላፌዝበት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ለእናንተ ብቻ ልናገር፤ እኔም ፋሲል ግንብ ገብቼ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ሥሩ ኖሬ፣ ጎረቤት ነውና ነገ እገባለሁ ስል አገር ለቅቄ ወጣሁ።

«ኤቫ ካወቀችብኝ፣ ከእንግዲህ የምነግራትን አንዱንም አታምነኝም» አለ ያን።

«ስማኝ» አልኩት። «ክፍል አትቁጠር። ክፍል የቆጠረ ውሸታም ይያዛል። ግድግዳውን ደገፍ በልና ስለ ግድግዳው አውራ። እናንተ አገር ጾም ይጾማል?»

«አያቴ ሥጋም እንቁላልም አትቀምስም ነበር።»

«በቃ! ሰው ቢጾም ዶሮ አትጾም። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ እየጣለች ትከርማለች። ያ ሁሉ እንቁላል የት ይገባል?»

«የት ይገባል?»

«ከኖራ ጋር ተመትቶ ግንቡ ውስጥ ነዋ! ታዲያ አንድ ሆዳም ሎሌ ከእንቁላሉ ሰርቆ ጠብሶ በላ። ማማው የዘመመው በዚያ በጎደለው ነው።»

ያን ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።

በነሐሴ ሄደው በመስከረም ተመለሱ። ኤቫ እንደነገረችኝ አያትየው ግድግዳውን ተደግፎ ሲተርክ ሰው ከቦት ነበር፤ ሥራ ከጀመረች ወር ያልሞላት አስጎብኚ ሳትቀር ማስታወሻዋን አውጥታ ጻፈች። እኔም ደስ አለኝ፤ ነገሩም አለቀ መሰለኝ።

አላለቀም። በሚቀጥለው የጸደይ ወራት ቤዝመንት ተቀምጠን ሳለ ኤቫ ከዚያች ከተማ በፖስታ የመጣ ባለቀለም ወረቀት ይዛ ወረደች። ለጎብኚዎች የሚታደል ነው፤ ፊቱ ላይ የዘመመው ማማ አለ።

«አያቴ ለአስጎብኚዋ የነገራት ሁሉ ታትሟል!» አለችና ለእኔ ትተረጉም ጀመር። «ግንቡ በሃምሳ አምስቱ የጾም ቀናት በተጠራቀመ እንቁላል ተገነባ...»

ሳሙናው ከእጄ ወደቀ። ሎሌው አለ! ጥብሱ አለ! አንድ የፖላንድ ከተማ፣ ካቶሊክ ሆና፣ በጽሑፍ፣ በማኅተም፣ የኛን ሁዳዴ ጾማለች!

«የእናንተ ጾም አርባ ቀን አልነበረም እንዴ?» አልኩ፤ ድምፄ ከየት እንደወጣ እንጃ።

ያን ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። «የድሮ ሰዎች ጠንካሮች ነበሩ» አለ።

ኤቫ አንገቱን አቅፋ ሳመችው። ቀና ብላ ስታየው አስተያየቷን አየሁና ምላሴን ነከስኩ። ልብሷን ልታወጣ ዞር ስትል ግን አልቻልኩም።

«ያን፣ ይህን እኮ እኔ ነኝ እዚሁ ወንበር ላይ የፈጠርኩት!» አልኩ በሹክሹክታ።

በሐዘኔታ ተመለከተኝ። «ወዳጄ፣ አንተ የሆነ ቦታ ሰምተኸው ነው። እኛ ከተማ ያልተደረገ ነገር ከሆነማ፣ አንተ ጎንደር ተወልደህ ከየት ታመጣዋለህ?»

ጭራሽ እኔው ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ።

አባቶቻችን ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው ግን እያደር ከብዶ ግንብ ሆነ። እንግዲህ ጎንደር የምትሄዱ ካላችሁ አንድ አደራ አለኝ። አስጎብኚው ስለ ፋሲል ግንብ አሠራር ሲተርክላችሁ፣ ጾም ካነሳ ስንት ቀን እንደሆነ ጠይቁልኝ። አርባ ካላችሁ፣ ወሬው በእርግጥም ከእነያን አገር የመጣ ነውና የሆነ ቤዝመንት ውስጥ አንድ ፖላንዳዊ እየሳቀ ነው።