ፍራሽ ጭኖ በረሃ የወጣ ሰው

ሰው ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚገዛው ምቾት ነው፤ ምቾቱ ሲሰለቸው ደግሞ መከራ ይገዛል። ሪያድ ውስጥ ይህ ግዢ ወቅት አለው። ሙቀቱ በረድ ሲል ከተማው ሁሉ ምንጣፍና ማገዶ ጭኖ ወደ አሸዋው ይወጣል፤ ከሽታ ይሉታል።

ሳሙኤል መላዝ በሚባለው የሪያድ ሰፈር ጎረቤቴ ነው፤ ፋርማሲስት። በአውሮፕላን መጥቶ ኤሲ ሥር የሚሠራ ጨዋ ሰው። ዘንድሮ እውነተኛ በረሃ አማረው። ከነሚስቶቻችን እንሂድ አለ፤ ሕግም አወጣ። ድንኳን የለም፣ ፍራሽ የለም፣ ለአንድ ሰው አንድ ስስ ብርድ ልብስ። መኪናው የእኔ፣ ፍልስፍናው የእሱ።

እኔ ፍራሽ ጫንኩ። ትራስ፣ ምድጃና የመኪና ፍሪጅም ጨመርኩ። ሳሙኤል አይቶ፣ “ወንድሜ፣ ቤት ልትቀይር ነው እንዴ?” ሲል ሚስቱ ቤቲ ሳቀች። የእኔዋ ሰብለም ሳቀች፤ አፍራ።

ምን ልበላቸው? በወጣትነቴ ወደዚህ አገር የመጣሁት በየመን በኩል፣ በእግሬ ነው። አሸዋ ላይ ተኝቻለሁ፤ አብረውኝ ተኝተው ያልተነሱም ነበሩ። ያኔ፣ ከዚህ ከወጣሁ ጎኔ ሁለተኛ አሸዋ አይነካም ብዬ ማልኩ፤ መሐላዬንም ጠብቄ ኖርኩ። ሰብለ የምታውቀው በየመን መምጣቴን ብቻ ነው። ሌላውን አላወራሁም። ስለዚህ፣ ወገቤን ያመኛል አልኩ። ኸላስ፣ በቃ።

ከከተማው ርቀን ሰፈርን። ሳሙኤል እጁን ዘርግቶ ስለ ዝምታ፣ ስለ ከዋክብት ተናገረ። ፀሐይ ገባች። በረሃ እንደሚበርድ የነገረው ሰው አልነበረም መሰለኝ። ቤቲ ጥርሷ መንቀጫቀጭ ሲጀምር ሰብለ፣ “ያላ እህቴ፣ ግቢ!” ብላ መኪናው ውስጥ ፍራሹ ላይ፣ አጠገቧ አስተኛቻት። ብዙም ሳይቆይ ፈላስፋው፣ እኔ ጉንፋን ከያዘኝ በሽተኛው መድኃኒት ከማን ይወስዳል እያለ የፊተኛው ወንበር ላይ ተዘረጋ። ለበሽተኛው አዘንኩ።

የቀረው የሹፌሩ ወንበር ነው። እሱን ደግሞ ስንሰፍር ፍራሹን መኪናው ውስጥ ስዘረጋ ረዝሞብኝ እስከ መሪው ድረስ የገፋሁት እኔው ነኝ። ልቀመጥ ሞከርኩ፤ ጉልበቴና መሪው አልተስማሙም። ወረድኩ። ሰብለ መስታወቱን ዝቅ አድርጋ፣ ወገብህስ አለችኝ። አሸዋ ለወገብ ጥሩ ነው አልኳት።

ያለ ፍራሽ እንቅልፍ አይወስደኝም ብዬ ነበር። ወሰደኝ።

ጠዋት የቀሰቀሰኝ የሳሙኤል ሳቅ ነው። ስልኩን ደግኖ ፎቶ ያነሳኛል። ጀርባዬን ለነፋሱ ሰጥቼ ተጣጥፌያለሁ፤ ጫማዎቼ በማሰሪያቸው እርስ በርስ ተቋጥረው ራሴ ሥር ናቸው፤ የውሃ ጠርሙስ ብብቴ ውስጥ አቅፌያለሁ። ይህን ሁሉ መቼ እንዳደረግኩት አላውቅም። ሳሙኤል ፎቶውን “እውነተኛው በረሃ” ብሎ ለወዳጆቹ ላከው።

ሰብለ አልሳቀችም። ጫማውን አየች። ጠርሙሱን አየች። እንዲህ መተኛት ማን አስተማረህ አለችኝ፤ ቀስ ብላ።

አፌን ልከፍት ስል ሳሙኤል ቀደመኝ።

“እኔ ነኛ!” አለ። “አንድ ሌሊት ብቻ ነው የፈጀብኝ።”