ለቄሱ እንዳይነግሯቸው

የወሎን ሰው ሰላምታ ታውቁታላችሁ? ካላወቃችሁት ቁጭ ብላችሁ ስሙት፤ ቆማችሁ አትችሉትም። ከእናንተ ይጀምርና ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ማሳውን፣ ባለፈው ወር ያነከሰችውን በቅሎ፣ የማዶዋን አክስት ጉንፋን ሳይቀር አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ እናንተም አንድ በአንድ «ደህና፣ ይመስገን» ብላችሁ ስትጨርሱ፣ ተመልሶ «በጣሙን ደህና ናችሁ?» ይላችኋል። ይህን ሁሉ የሚጠይቅ ሕዝብ ሳይጠይቀው የሚቀር ነገር ያለ አይመስልም። አለ። ባል ሚስቱን የማይጠይቃት፣ ሚስትም ባሏን የማትጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ እሱም «ሌላ ልጅ እንውለድ ወይስ ይብቃን?» የሚለው ነው። ልጅማ በዕድሉ ያድጋል ይባላል። የእናቱን ዕድል ግን ማንም አንስቶ ሲጨዋወት አልሰማሁም።

ይህን ስል ሕዝቡን ለማማት አይደለም። እነሱ ባይጠይቁ ጨዋነት ነው፤ እኔ ግን እንዲህ ያለውን ነገር እንድጠይቅ ደመወዝ የሚከፈለኝ ነርስ ነበርኩ።

ከደሴ ተመድቤ የሄድኩባት ክሊኒክ ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ በሚወስደው በኩል፣ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ነበረች። ሁለት ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁስል የሚያጥብ መርፌ የሚወጋ ድሬሰርና እኔ። ዘመኑ አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊደፍን የተቃረበበት ነው። ያስተማሩኝ ነገር ቀላል ነበር። ሴትዮዋ ስትመጣ አስቀምጪያት፤ ያለውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተሽ አሳዪያት፤ ይሄ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ነው፣ ይሄ ማህፀን ውስጥ ገብቶ ዓመታት የሚቆይ ሉፕ ነው፣ ይሄ ባል የሚያደርገው ኮንዶም ነው በያት፤ የያንዳንዱን ጥቅምና ጣጣ ንገሪያት፤ አኗኗሯን ጠይቂያት፤ ከዚያ ዝም በይ። እሷ ትምረጥ። አሰልጣኛችን ይህችን «ዝም በይ» የምትለዋን ደጋግማ ትነግረን ነበር፤ ዝም ማለት እንደማይሆንልን ታውቃለችና።

የአካባቢው ካድሬ አንድ ቀን የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ጠርቶ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ እንዳስተምር አዘዘኝ። እኔ ከመናገሬ በፊት እሱ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገረ፤ ስለ ምርት፣ ስለ ኋላ ቀር ልማድ፣ ሕዝቡን በጨለማ ይዘውታል ስላላቸው ቀሳውስት። ሴቶቹ አጨብጭቡ በተባሉበት ሁሉ አጨበጨቡ። ቀሳውስቱ ላይ ሲደርስ፣ አልደብቃችሁም፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ለእኔ የተረፈችው አሥር ደቂቃ ብትሆን ነው። ኮንዶሙን ከካርቶኑ ሳወጣ ግማሾቹ በነጠላቸው ተሸፈኑ፣ ግማሾቹ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ለእኔም አጨበጨቡልኝ። በሳምንቱ ለዚህ ጉዳይ ክሊኒክ የመጣች አንዲት ሴት አልነበረችም።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ አንዲት መጣች። እሷም የቄስ ሚስት ናት።

ስሟ ማንጠግቦሽ ነው። ባሏ ቄስ ይመር ወደ ዓባይ በሚያዘቀዝቀው አገር ያለ ደብር የሚቀድሱ ቄስ ናቸው። አሁን ዕድሜዬ ከእሷ አልፎ ስለሄደ «እሷ» እላታለሁ እንጂ ያኔ እትዬ ማንጠግቦሽ፣ አንቱ፣ ነበር የምላት። በረንዳው ላይ ሰው እስኪያልቅ ጠብቃ ገባች። ስድስት ወልዳ አራቱ አሉላት። የመጨረሻውን ስትወልድ እንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ፣ ደሟ ፈስሶ፣ ሞተች ተብሎ ለቅሶ ተጀምሮ እንደነበር ነገረችኝ።

«የጎረቤቶቼን ሙሾ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ደግ ደጉን ነው ያሉልኝ» አለችና ፈገግ አለች። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። «እንግዲህ ብወልድ አልነሳም፣ እቱ። ገላዬ ነግሮኛል። እነዚህን አራቱን ማን ያሳድግልኛል?»

እኔስ ምን አደረግኩ? ሉፑ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ማስገባቱንም ተምሬያለሁ። ተራራ ወጥታና ወርዳ ለምትመጣ ሴት ከሱ የተሻለ አልነበረም፤ አንዴ ከገባ ለዓመታት ይረሳል። ግን እሱን ለማስገባት አልጋ ላይ ተኝታ መመርመር አለባት። የቄስ ሚስት ይህን እሺ አትልም አልኩ በሆዴ። ኮንዶሙማ ለቄስ! ሳስበው ሳቄ መጣ። ስለዚህ እሷ የምትመርጠውን እኔው መረጥኩላትና የሦስት ወር ኪኒን ሰጠኋት። ሌላ ነገር መኖሩን እንኳ አልነገርኳትም። በስብሰባው ላይም እሷ አልነበረችም፤ የሰማችው ከሰው አፍ ነው። «በየቀኑ፣ ማታ ማታ፣ ሳያቋርጡ» አልኳት፤ እሺ አለች። ከዚያ ማንም ያልጠየቀኝን ምክር ጨመርኩ።

«ለቄሱ እንዳይነግሯቸው።»

ትንሽ አመነታች። «እሳቸው እንኳ…» ብላ ጀመረች።

«ግድ የለም፣ አይንገሯቸው። ይከለክሉዎታል» ብዬ አቋረጥኳት። ምን ልትለኝ እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ኪኒኑን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ ሄደች። ያን ቀን ማታ ለድሬሰሩ አንዲት የቄስ ሚስት ነፃ እንዳወጣሁ በኩራት አወራሁለት።

ሦስት ወሩ አለቀ፤ አልተመለሰችም። መንገዱ ከብዷት ይሆናል አልኩ። በሰኔ መጣች። በር ላይ ስትቆም ፊቷን አይቼ የሆነውን አወቅኩ።

«ኪኒኑን አቋርጠው ነበር?» አልኳት።

«ኧረ አላቋረጥኩም! አንድም የፍስክ ቀን አላጎደልኩም» አለችኝ።

የፍስክ ቀን? ደግሜ ስጠይቃት በትዕግሥት አስረዳችኝ፤ እንደኔ ያለውን የከተማ ልጅ ሃይማኖት ማስተማር ያለባት መስሏት መሰለኝ። በጾም ባልና ሚስት መኝታ ይለያሉ። በቄስ ቤትማ እንዴት ተብሎ! ረቡዕና ዓርብ ስለዚህ ኪኒኑን አትውጠውም፤ ምን ያደርግላታል? ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ አምሳ አምስቱንም ቀን አስቀመጠችው። ምን ያደርግላታል ብላ ብቻ አይደለም። «በጾም ብውጠውማ ጾሜን ላፈርስ አስቤያለሁ ማለት አይደለም እንዴ? እግዜሩ ምን ይለኛል?» አለች። በፋሲካ ጾሙ ሲፈታ እሷም ኪኒኗን ጀመረች፤ በዓለ ሃምሳን በሙሉ፣ ረቡዕና ዓርቡም ጾም ስለሌለው፣ አንድ ቀን ሳታዛንፍ ዋጠች። ያረገዘችው ግን ተቋርጦ የተጀመረው ኪኒን ገና ሥራውን ሳይጀምር፣ በዚያው በፋሲካው ሰሞን ነው።

እስቲ ፍረዱ። እኔ «ሳያቋርጡ» ስል በእኔ ቀን መቁጠሪያ ነበር፤ እሷ የምትኖረው ደግሞ በሌላ ነው፤ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቀን ጾም በሆነበት። ይህን ደሴ ላይ ያደግሁት እኔ፣ እናቴ እንኳን ረቡዕና ዓርብ አንድ ጽዋ ውኃ ሳትቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትውልብኝ ልጅ፣ አላውቅም? አውቃለሁ። ካድሬው በሚያወራበት ቤት ስቀመጥ የማውቀውን ነገር ውጭ ትቼ ነው የገባሁት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እያልን በካህናት እንስቃለን፤ ነጭ ጋዋን ለብሳ ሳትጠይቅ መድኃኒት ለምትሰጥስ ተረት የሚተርትላት የለም።

«ግን እቱ» አለችኝ፣ ጫማዋን እያየች፣ «ከዚህ በየቀኑ ከሚዋጠው ሌላ ነገር አልነበረም?»

መዋሸት እችል ነበር። «ነበር» አልኳት፤ ሉፑን ከመደርደሪያው አውርጄ አሳየኋት። ወስዳ በእጇ አገላበጠችው።

«ይሄንን ለምን አልነገርሽኝም?»

«የቄስ ሚስት ስለሆኑ… እሺ አይሉም ብዬ።»

«የቄስ ሚስት ስሆን ሴት መሆኔ ቀረ?» አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀረን አንድ ነገር ብቻ ነው። ስምንተኛ ወሯ ሲገባ ደሴ ሄዳ፣ ሆስፒታል አጠገብ ካሉ ዘመዶቿ ዘንድ ተቀምጣ እንድትወልድ ተስማማን። ያ ክረምት ግን ዝናቡ ሳይመጣ ቀረ። የሰባ ሰባቱን ክፉ ቀን ለማያውቅ አልተርክም፤ የሚያውቀውም እንድተርክለት አይፈልግም። ይህን ብቻ ልበል። በዚያ ዓመት ከጥቅምት ጀምሮ የእርግዝና መከላከያ የጠየቀችኝ ሴት የለችም፤ ይልቅ የወር አበባዬ ቀረ፣ አረገዝኩ መሰለኝ እያሉ ይመጡ ነበር፤ ስመረምራቸው ረሃብ ነው። ረሃቡ ከእኔ መደርደሪያ በላይ ሠራ። የቄስ ይመር በቅሎ ሞተች። ደሴ ያሉት ዘመዶች ራሳቸው የሰው እጅ የሚያዩ ሆኑ። አራት ልጆች የሚላስ የሚቀመስ በሌለበት ቤት ጥላ የምትሄድ እናት ደግሞ ከየት ይመጣል?

በጥር የቅሬው፣ የመንደሩ እድር፣ ሰዎች በቃሬዛ አመጧት። ልጅቷን ቤት ወልዳለች፤ እንግዴ ልጁ ግን እንደ በፊቱ አልወጣ ብሏል። ከንጋት ጀምሮ ሲመጡ ውለው እኔ ዘንድ ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። እጄን አስገብቼ አወጣሁት። የነበረችኝን አንዲት የደም ማቆሚያ መርፌ ወጋኋት። ሆዷን ከላይ ይዤ አሸሁ፤ ድሬሰሩ ሲደክመኝ ተቀበለኝ፣ ሲደክመው ተቀበልኩት። ደሙ አልቆመም። ድሮም በረሃብ ያለቀ ደም ነው፤ ቀለሙ እንኳ የደም አይመስልም። እኔ ለካ ጮክ ብዬ አለቅስ ኖሯል።

«አብሽሪ» አለችኝ። እሷ ናት እኔን አይዞሽ ያለችኝ። «አብሽሪ፣ እቱ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ቄስ ይመር ክሊኒክ መጡ። ተዝካር የለም፤ በዚያ ዓመት ለማንም ተዝካር አልነበረም። ሕፃኗን አንዲት የምታጠባ የጎረቤት ሴት ይዛታለች። አግዳሚው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና ከጋቢያቸው ሥር የኪኒኑን ባዶና ግማሽ ማሸጊያ አወጡ። ሳጥኗ ውስጥ አገኙት። ሊረግሙኝ ነው የመጡት ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ረቡዕና ዓርቡን፣ ሁዳዴውን፣ ሉፑንም ጭምር። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ።

«ለምን አልነገረችኝም?»

«እኔ ነኝ አይንገሯቸው ያልኳት፣ አባ። ይከለክሏታል ብዬ።»

ማሸጊያውን ጭናቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ፣ «ቄስ ሚስቱ ከሞተችበት ሌላ እንደማያገባ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

«ገበሬው ሚስቱ ብትሞትበት ዓመት ቆይቶ ሌላ ያመጣል። እኔ ባገባ ክህነቴ ይፈርሳል። ለእኔ አንዲት ናት። እሷ እንድትኖር ከእኔ አብልጦ የሚፈልግ ሰው በዚህ አገር ማን አለ?» ማሸጊያውን በጣታቸው ዳሰሱት። «ጾሙንም ብትጠይቀኝ፣ መድኃኒት ጾም አያፈርስም እላት ነበር። ለስንቱ በሽተኛ፣ ለስንቱ አራስ ስፈታ የኖርኩ ሰው ነኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ መድኃኒቱን የደበቀስ ምን ይባላል?»

ማሸጊያውን ጋቢያቸው ሥር መልሰው ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ቆም አሉ፤ ፊታቸውንም ወደ እኔ አላዞሩም።

«እኔም ደብቄያለሁ፣ ልጄ። በፊተኛው ወሊድ የሆነችውን በዓይኔ አይቻለሁ። አንቺ ዘንድ መድኃኒት አለ ሲሉ ሰምቼ ሁለት ጊዜ እዚች በር ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። ይቺ ልጅ፣ ቄስ ደግሞ ለዚህ ምን ፈልጎ መጣ ትለኛለች ብዬ አፈርኩ።»

እንዲህ ያለ ነገር ሲነገራችሁ ቶሎ ብላችሁ የምታጽናኑበት ቃል ትፈልጋላችሁ። እኔም «ኧረ አባ፣ ምን በወጣኝ እንዲህ እላለሁ!» ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ዘጋሁት። ያኔ ቢገቡ ኖሮ፣ ልክ እሳቸው እንደፈሩት እል ነበር።