የሊቀ ፈታኞች ማስረጃ

የትም ዩኒቨርሲቲ ሂዱ፣ ተማሪ ሁሉ ሌባ የሚመስለው አንድ መምህር አይጠፋም። ቤተ መጻሕፍት የሌለው ዩኒቨርሲቲ ይኖር ይሆናል፤ ይህ ሰው የሌለው ግን የለም።

የእኛው ክቡር ሊቀ ፈታኞች ፈተና ሲጠብቁ፣ ኮቴያቸው እንዳይሰማ ጫማቸው ባለ ጎማ ሶል ነው። ተማሪው ኮፍያ ያወልቃል፣ ላጲሱን ያገላብጣል፣ ከውሃ ፕላስቲኩ ላይ ወረቀቱን ይልጣል። ማስነጠስማ ወንጀል ነው። "አንዴ ያስነጠሰ 'ሀ' ማለቱ ነው፤ ሁለቴ፣ 'ለ'" ይላሉ። ጉንፋን የያዘው የሐኪም ወረቀት ይዞ ይገባል። ባለቤታቸው በልጃቸው ሰርግ ስትመርቅ እንኳ "ይህን ከየት ገለበጥሽው?" አሏት ይባላል። እኔ አልነበርኩም፤ የነገረችኝ ግን ከታመነ ሰው የሰማች ናት።

እኔ እሳቸው አባል የሆኑበት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። "ክሱ በጽሑፍ ደርሶታል? መልስ ሰጥቷል? ማስረጃው የታለ?" እያሉ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምሳ ሰዓቴን በልተውብኛል።

ባለፈው ወር አንዲት ተመራቂ ተማሪ እጃቸው ላይ ወደቀች። እሷና አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ አምስተኛውን ጥያቄ እኩል ተሳስተዋል፤ መደመር ባለበት ሁለቱም ቀንሰዋል። ከሳሹ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ከተፈረደባት፣ ለምረቃ ሦስት ወር ሲቀራት መባረሯ ነው። እናቷ ኮሪደሩ ላይ የልጇን ቦርሳ ታቅፋ ተቀምጣለች።

ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። "ግልጽ ነው እኮ፤ እንፈርምና እንነሳ።"

"ማን ነው የሚፈርመው? መቼ ሰማናት?" አሉ ከሳሹ። ልጅቷን አስገብተው ጠመኔ ሰጧት። "በይ፣ ብቻሽን ሥሪው።"

ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ ሠራች። ያችኑ ስህተት ቁልጭ አድርጋ ደገመቻት።

"ይህን ከየት አመጣሽው?"

"ከእርስዎ ነዋ፣ ቲቸር።"

ደብተሯን ገለጠች። ሊቀ ፈታኞች የራሳቸውን ማስተማሪያ ወረቀት ከቦርሳቸው አውጥተው ካጠገቡ ዘረጉት። ያችው የመቀነስ ምልክት እዚያም ተጋድማለች።

"ጻፍ" አሉኝ። "ስህተቱ ከእኔ ሰሌዳ ነው። ከክፍሉ በጥሞና ያዳመጡኝ እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው።"

"ኧረ ይሄስ ባይጻፍ፤ ለስምዎ..." አለ ሰብሳቢው።

"ይጻፋል! ስሜንም ከነአያቴ አስገባው!"

ከዚያ ኮሪደር ወጥተው ለእናትየዋ ዝቅ አሉ። "እናቴ፣ ልጅዎ ንጹሕ ናት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ልጅቷ እንባዋን እየጠረገች፣ "ያኔም ተጠራጥሬ ነበር፤ ግን እርስዎን ማን ደፍሮ ያርማል?" አለች።

"አንቺ ነሻ! ከነገ ጀምሮ እጅሽን አውጪ።"

በማግስቱ ሦስቴ አወጣች አሉ። ሁለቴ የተሳሳተችው እሷ ነበረች። በሦስተኛው ሊቀ ፈታኞች ሰሌዳውን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉት።

ልጄ ዘንድሮ እዚሁ ትገባለች። እሳቸው ክፍል እንድትመደብልኝ ሬጅስትራር ላለው ወዳጄ ሹክ ልል ስልኬን አንስቼ ነበር። ወዲያው ማስረጃ ሊፈልጉ በሬ ላይ ቆመው ታዩኝና መልሼ አስቀመጥኩት። እንደ ሰው ልጅ ተሰልፋ ይድረሳት። እኔ መጸለይ ብቻ ነው፤ መጸለይ በደንቡ ገና አልተከለከለም።